በሳጂዳ ስም አጠገብ ያለው መስቀል

ጭሮ፣ መስከረም 20 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ ለዶክተር መህዲ፣
ፔናንግ፣ ማሌዢያ

አሰላሙ ዐለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካትሁ። ደብዳቤዬ በሙሉ ጤና ያግኝዎት፤ አላህ ዕድሜዎን ከሥራዎ ጋር ያርዝመው። እኛ አልሐምዱሊላህ እንበላለን፣ እንተኛለን። ከዚህ በላይ ደህና ነን ብል ውሸት ይሆንብኛል።

የምጽፍልዎት የሳጂዳ ታናሽ ወንድም አብዱናስር ነኝ። አሁን አሥራ አንደኛ ክፍል ደርሻለሁ። በቴሌግራም ሦስት መስመር ልልክልዎት ነበር፤ እናቴ ረዲያ ግን «የአክስቴ ልጅ እኮ ነው፤ ለዘመድ በቁራጭ አይጻፍም» ብላ ስለተቆጣች በወረቀት ጽፌ ፎቶውን ልኬያለሁ። መልስዎ ሲመጣም ጮክ ብዬ አነብላታለሁ።

ጉዳዬ ይህ ነው። ባለፈው ሳምንት የእንግሊዝኛ መምህራችን ገመዳ በትምህርት ቤቱ ኮምፒውተር የሳጂዳን ስም ጽፈው ፈለጉ። እኔ አልጠየቅኳቸውም። ሁለተኛ ዲግሪዋን ሳትጨርስ መሞቷን ስለሚያውቁ፣ ከሥራዋ የቀረ ነገር ካለ ብለው ነው። አንድ ጽሑፍ ወጣ። የመሰላና የመቻራ ገበሬዎች ጫታቸው ላይ መድኃኒት ከረጩ በኋላ ስንት ቀን ቆይተው እንደሚቆርጡ የሚያወራ ነው። ያ የእህቴ ጥናት ነው። በአይሱዙ ጀርባ ተጭና፣ ጭቃ ረግጣ፣ ቤት ለቤት የጠየቀችው ነው። ሐምሌ ላይ በአንድ የውጭ ጆርናል ታትሟል። ለእኛ የነገረን የለም።

የመጀመሪያው ስም የእርስዎ ነው። የሳጂዳ ሁለተኛ ነው። ከስሟ አጠገብ ደግሞ ትንሽ መስቀል አለ።

መስቀሉን ያየችው እናቴ ናት። እንግሊዝኛ ስለማታነብ ዓይኗ ቅርጹ ላይ አረፈ።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለች።

«አላውቅም።»

«ማን ነው ልጄን ያጠመቃት?»

መምህር ገመዳ ፕሮቴስታንት ናቸው። ይህን ስነግራቸው «እኔ የለሁበትም፤ እኛም ብንሆን መስቀል አናበዛም» ብለው ሊያስቁኝ ሞከሩ። እናቴ ግን አልሳቀችም። አጎቴ፣ መስቀሉ ምን እንደሆነ ይንገሩን። ስሟን ሁለተኛ ያደረገው ማን እንደሆነም ይንገሩን። ጽሑፉ ሲታተም ዝም ያሉን ለምን እንደሆነ ግን እርስዎ ባይነግሩኝም የማስበው ነገር አለኝ።

አክባሪዎ
አብዱናስር

—

ፔናንግ፣ ጥቅምት 8 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለውድ አብዱናስር፣

ወዐለይኩሙ ሰላም ወራህመቱላሂ ወበረካትሁ። አላህ ሳጂዳን ይርሀማት፤ ለእናትህም ሰብሩን ይስጣት። ለረዲያ ከማንም በፊት ሰላምታዬን አድርስልኝ።

ደብዳቤህ ሲደርሰኝ ጽሕፈትህን አይቼ ደነገጥኩ። በመጨረሻ ጭሮ ስመጣ ሰባት ዓመትህ ነበር። ሸንኮራ ስትቆርጥ የግራ እጅህን አውራ ጣት ሰንጥቀህ፣ ሳጂዳ በሻሿ አስራልህ ጤና ጣቢያ ድረስ ስትሮጥ አስታውሳለሁ። አንተ አላለቀስክም፤ ያለቀሰችው እሷ ናት።

መስቀሉ የሃይማኖት አይደለም። ጆርናሎች ከሟች ጸሐፊ ስም አጠገብ የሚያደርጉት ምልክት ነው። እነሱ ያደረጉት ቢሆንም ከመታተሙ በፊት ናሙናው ደርሶኝ ነበርና ሳላስተውል በማለፌ እናትህን ይቅርታ እጠይቃለሁ። የስም ቅደም ተከተል ደግሞ የሥራ ክፍፍልን ይከተላል። መረጃውን የሰበሰበችው ሳጂዳ ናት፤ ስሌቱንና ጽሑፉን የሠራሁት እኔ ነኝ። ስትሰበስብ እያማከርኳት ነበር፤ የሞላችውንም ቅጽ በየሳምንቱ በፎቶ ትልክልኝ ነበር። ሳልነግራችሁ የቀረሁት ሐዘናችሁን እንዳልቀሰቅስ ብዬ ነው።

አንድ ነገር ልለምንህ። የቅጾቹ ዋና ወረቀቶች እናንተ ቤት መሆን አለባቸው። ከመሰላ የመጨረሻዎቹን ሠላሳ ስምንት ፈልገህ፣ ፊትና ጀርባቸውን በጥሩ ብርሃን ፎቶ አንሥተህ ላክልኝ። ሌሎቹን አልፈልግም። ለመዝገብ ያህል ነው።

አጎትህ
መህዲ

—

ጭሮ፣ ጥቅምት 25 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለአጎቴ ለዶክተር መህዲ፣

አሰላሙ ዐለይኩም። አላህ ከክፉ ሁሉ ይሰውርዎት፤ እኛንም እንዲሁ።

ደብዳቤዎን ለእናቴ አነበብኩላት። ስለ መስቀሉ «ሳያውቁ ነው፣ ይቅር» ብላለች። ስለ ሸንኮራው ስትሰማ በሻሿ አፏን ሸፍና ሳቀች። ስለ ቅጾቹ የጻፉትን ግን አላነበብኩላትም።

መቶ ሃያ ቅጽ ነው ያለው። ከመቻራ ስድሳ፣ ከመሰላ ስድሳ። ከመቻራ አንድም አልጠየቁኝም። ከመሰላም የመጀመሪያዎቹን ሃያ ሁለት አልፈለጉም። ጽሑፉ ከታተመ ሦስት ወር ካለፈው በኋላ ለመዝገብ ሠላሳ ስምንት ብቻ መፈለግ ምን ዓይነት መዝገብ ነው? ወረቀቱ እጅዎ ከገባ በኋላ እህቴ ምንም እንዳልሠራች ቢናገሩ እኛ በምን እንከራከራለን? ለማንኛውም ወረቀቶቹ ያሉበት ሳጥን ተቆልፏል፤ ቁልፉም ጠፍቷል።

ደግሞ ይህን ይስሙ። አብዱልቃዲር የሚባለው የጫት ነጋዴ ከጽሑፉ ሰንጠረዡን አሳትሞ ሚዛኑ አጠገብ ለጥፎታል። ቅዳሜ በዚያ ሳልፍ ይጮሃል፦

«የመሰላ ጫት ነው! ከተረጨ ሰባት ቀን ይቆያል! ፈረንጅ የመሰከረለት!»

አንዱ ሸክም የሚያወርድ «አቦ፣ ፈረንጅ የት ቅሞ ያውቃል?» አለው።

«አንተ ቅመህ ምን አወቅክ?» አለው አብዱልቃዲር። «ይሄ የዶክተር መህዲ ጥናት ነው!»

የዶክተር መህዲ ጥናት። በእህቴ ከተማ፣ በእህቴ ገበያ፣ የእህቴ ስም አልተጠራም። እርስዎ ቢሰሙ ደስ ይልዎት ነበር ብዬ ነው የጻፍኩት።

አብዱናስር

—

ፔናንግ፣ ኅዳር 19 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለአብዱናስር፣

ሰላም ለአንተና ለቤተሰቡ ይሁን። የዘገየሁት ምን ብዬ እንደምጽፍ ስላጣሁ ነው። ይህን ለእናትህ አታንብብ።

መጀመሪያ ሳልነግርህ የደበቅኩትን ልንገርህ። ከመስከረም ጀምሮ ጆርናሉ ደብዳቤ እየጻፈልኝ ነው። አንድ አንባቢ ከጽሑፉ ጋር ያያያዝነውን መረጃ ሲያገላብጥ ከመሰላ የመጨረሻዎቹ ሠላሳ ስምንት ሰዎች «ከረጫችሁ በኋላ ስንት ቀን ትቆያላችሁ?» ለሚለው ጥያቄ አንድ ዓይነት መልስ መስጠታቸውን አየ። ሁሉም ሰባት። አንድም ስድስት፣ አንድም ስምንት የለም። የፊተኞቹ ሃያ ሁለት ግን ሁለት፣ ሦስት፣ አራት ነው ያሉት። እኔ ስሌቱን ስሠራ አማካዩን አይቼ አለፍኩ። አስተማሪ ሆኜ ይህን አለማየቴ ያሳፍረኛል።

ሰው እንደዚህ አይመልስም፣ አብዱናስር። ሠላሳ ስምንት ገበሬ ቀርቶ ሁለት ወንድማማች እንደዚህ አይመልስም።

ሳጂዳ ባለፈው ዓመት ኅዳር ቅጾቹ ሲሞሉ ታማ እንደነበር በኋላ ሰምቻለሁ። መድከሟ ይገባኛል። ቤት ቁጭ ብላ ሞልታው ከሆነ አልፈርድባትም፤ ነገር ግን ለጆርናሉ መልስ መስጠት አለብኝ። ያለህን ካልላክልኝ መረጃውን የሰበሰበችው እሷ መሆኗንና እኔ ልመሰክርለት እንደማልችል ለመጻፍ እገደዳለሁ።

መህዲ

—

ጭሮ፣ ኅዳር 21 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለዶክተር መህዲ፣

ሰላምታ አለማድረስ ነውር ስለሆነ አሰላሙ ዐለይኩም።

እህቴ በሕይወቷ ያልጠየቀችውን ሰው ጠየቅኩ ብላ አታውቅም። መቻራ ላይ አንድ ቤት ባለቤቱ ስለሌለ ሦስት ጊዜ የተመለሰች ሰው ናት። ጉበቷን እያመማት በባዶ ሆዷ የሄደች ሰው ናት። ስሟ ለመታተም ሲሆን ከእርስዎ በታች፣ ለመዋሸት ሲሆን ከእርስዎ በላይ ሆነ።

እርስዎ ስለ ውሸት ከጻፉ እኔም ልጻፍ። መምህር ገመዳ የጽሑፉን መጨረሻ ተርጉመውልኛል። «ሁሉም ጸሐፊዎች የመጨረሻውን ጽሑፍ አንብበው አጽድቀዋል» ይላል። ጆርናሉ የተቀበለው፣ በእኛ አቆጣጠር የካቲት 11 ቀን 2017 ነው። ሳጂዳ የሞተችው ታኅሣሥ 4 ነው። ቀብሯ ላይ ነበርኩ። የት ሆና አነበበችው? በየትኛው እጇ አጸደቀችው?

የጆርናሉ አድራሻ አለኝ። መምህር ገመዳ እንግሊዝኛውን ያርሙልኛል። ስሟን አንድ ጊዜ በክፉ ቢያነሱ እጽፋለሁ።

አብዱናስር

—

ፔናንግ፣ ታኅሣሥ 10 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለውድ አብዱናስር፣

አሰላሙ ዐለይኩም ወራህመቱላሂ። ታኅሣሥ 4 ቀን ዓመቷን አስቤ ቁርአን አስቀራሁላት። አላህ ይቀበለን።

የጻፍከው ሁሉ እውነት ነው። ጽሑፉን ለጆርናሉ ስልክ ኮምፒውተሩ አንድ ሣጥን ላይ ምልክት አድርግ ይላል፤ ሁሉም ጸሐፊ አጽድቋል ማለት ነው። ሞታለች ብዬ ብጽፍ ከቤተሰቧ ፈቃድ አምጣ ይሉኛል ብዬ ፈራሁ። ረዲያን መጠየቅ አንድ የስልክ ጥሪ ነበር። ምልክቱን አደረግኩ። መሞቷን የነገርኳቸው ጽሑፉ ተቀባይነት ካገኘ በኋላ ነው። መስቀሉም ያኔ መጣ።

የስሙንም ነገር ልንገርህ። ሐሳቡ የእሷ ነበር፤ ድካሙም የእሷ። የመጀመሪያው ስም የእሷ መሆን ነበረበት። የማዕረግ ዕድገት ጠይቄ ነበርና የመጀመሪያ ስም ያስፈልገኝ ነበር። የሥራ ክፍፍል ያልኩህ ለራሴም የምነግረው ነበር። ይህን ሁሉ ለጆርናሉ እጽፋለሁ፤ አንተ ከመጻፍህ በፊት።

አሁን የቀረኝን አንድ ነገር ልጻፍ። በቅጹ ላይ የገበሬው ስም አይጻፍም። ፈቃደኛ መሆኑን የሚያሳየው አሻራው ብቻ ነው። በዚያን ጊዜ በፎቶ የደረሱኝን የመሰላ ቅጾች አጉልቼ አየኋቸው። በሠላሳ ስምንቱ ወረቀት ላይ የሠላሳ ስምንት ሰው ጣት የለም። አሥር ጣት ነው ያለው፤ እየዞረ የሚመለስ። ከአሥሩ አንዱ፣ አንድ አውራ ጣት፣ መሐሉ ላይ አግድም የተሰነጠቀ ጠባሳ አለው። አራት ቦታ ላይ አለ።

ያንን ጠባሳ የት እንደማውቀው ለማስታወስ አንድ ሳምንት ፈጀብኝ።

ምንም አልጠይቅህም። ስለ ሳጂዳ ከዚህ በፊት ለጻፍኩት ግን ይቅርታህን እጠይቃለሁ። ለጆርናሉ የምመልስበት የመጨረሻ ቀን ጥር 5 ነው።

አጎትህ
መህዲ

—

ጭሮ፣ ታኅሣሥ 28 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ ለዶክተር መህዲ፣

አሰላሙ ዐለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካትሁ። አላህ እርስዎንም እኔንም ይማረን።

የሳጥኑ ቁልፍ ጠፍቶ አያውቅም። አንገቴ ላይ ነው።

በዚያ ኅዳር ሳጂዳ መነሣት ሲያቅታት ሠላሳ ስምንት ባዶ ቅጽና የአሻራ ቀለሙን ሰጥታኝ «መሰላ የቀሩት ቤቶች እነዚህ ናቸው፤ ቀስ ብለህ ጠይቅ፣ የማያውቁትን አትገምትላቸው» አለችኝ። የመጀመሪያው ቀን ሄድኩ። የመጀመሪያው ቤት ውሻ አባረረኝ። ሁለተኛው ቤት ሰውየው «ከየትኛው ቢሮ ነህ? ለግብር ነው?» ብሎ ጮኸብኝ። ሦስተኛ ቤት አልሄድኩም። አፍሬ መንገድ ዳር ተቀመጥኩ። እግሬ ሥር ባዶ የመድኃኒት ጠርሙስ ወድቆ ነበር። «ከርጭት በኋላ ሰባት ቀን ይቆዩ» ይላል።

ወደ ቤት ስመለስ ሳጂዳን ሐረር ሆስፒታል ወስደዋታል አሉኝ። እዚያ ሄጄ በኮሪደሩ ወንበር ላይ ተቀምጬ በሁለት ቀን ሁሉንም ሞላሁት። ሰባት፣ ሰባት፣ ሰባት። የእህቴ ጥናት ሰዎች ጠርሙሱ የሚለውን ያደርጋሉ ወይ ብሎ መጠየቅ ነበር። እኔ የጠየቅኩት ጠርሙሱን ነው። አሻራውን በአሥሩም ጣቴ እያፈራረቅኩ አደረግኩ። ብልህ የሆንኩ መስሎኝ ነበር። ከዚያ በስልኳ ፎቶ አንሥቼ ላኩልዎት።

ዓይኗን ስትገልጥ «ጨረስክ?» አለችኝ። «ጨረስኩ» አልኳት። «አላህ ይስጥህ» አለችኝ። ከዚያ በኋላ ስለ ጥናቱ አልተናገረችም። አሥራ አንድ ቀን ቆይታ ሞተች።

መስከረም ላይ ጽሑፉን ሳየው መጀመሪያ የተሰማኝ ፍርሃት ነው። እርስዎን ሌባ ብዬ ስጠረጥር ፍርሃቱ ቀለል ይለኝ ነበር። ጥርጣሬዬ ሁሉ ሐሰት አልነበረም፤ ግን ለዚያ ነበር የያዝኩት።

የታኅሣሥ 10 ደብዳቤዎ ሲደርሰኝ ለእናቴ ሁሉንም አነበብኩላት፤ ከዚህ በፊት የዘለልኩትንም ጭምር። በደብዳቤው ያለው አውራ ጣት የእኔ መሆኑንም ነገርኳት። እጄን ይዛ አገላብጣ አየችው።

«ጨረስኩ ብለህ ነግረሃታል?» አለችኝ።

«አዎ።»

«አላህ ይስጥህ ብላሃለች?»

«አዎ።»

«እንግዲያው ጨርስ።»

«ጽሑፉ ይሰረዛል፣ እማ። ስሟ ያለው እሱ ላይ ብቻ ነው።»

«ስሟ መቃብሯ ላይ አለ» አለች። «ውሸት ላይ እንዲቀመጥ አልፈልግም።»

በማግስቱ ዕረፍት ስለነበረን መሰላ ሄድኩ። ሳጂዳ የጻፈችውን የቤቶች ዝርዝር ይዤ ነበር። መጀመሪያ የሄድኩት ወደ ውሻው ቤት ነው። የቤቱ ባለቤት ሀሚዳ የሚባሉ አሮጊት ናቸው። በሩ ላይ ሲያዩኝ ሳቁ።

«አንተ ያ የሮጥከው ልጅ አይደለህም? ጫማህን ጥለህ እኮ ነው የሄድከው!»

«እኔ ነኝ፣ እማማ። የሳጂዳ ወንድም።»

«እህትህስ? እሷ ሰፈሩን ስትዞር ውሻውን በስሙ እየጠራች ነበር የምታልፈው።»

መሞቷን ስነግራቸው መሬት ላይ ተቀመጡ። «ኢና ሊላሂ» አሉ። ከዚያ «በል ጠይቀኝ፣ ልትጠይቀኝ የነበረውን» አሉኝ። ጠየቅኳቸው።

«ስንት ቀን? ገበያው ሲጠራን ነዋ! ሁለት ቀን፣ ሦስት ቀን። ሰባት ቀን ብንጠብቅ ጫቱ ይጠብቀናል እንዴ? ቅጠሉ ይጠነክራል፣ ነጋዴው ይጥለዋል።»

«ራሳችሁ የምትቅሙትስ?»

«ለራሳችንማ ያልተረጨ ጓሮ አለን» አሉ። ይህን እንደ ምስጢር ዝቅ ብለው ሳይሆን እንደ ቀላል ነገር ነው የተናገሩት። ይህ ጥያቄ በቅጹ ላይ የለም። ጀርባው ላይ ጻፍኩት።

እስከ ዛሬ አሥራ አንድ ቤት ጠይቄያለሁ። ከአራት ቀን በላይ ያለ አንድም ሰው የለም። ሃያ ሰባት ቤት ይቀረኛል፤ በየቅዳሜው እሄዳለሁ።

አብዱልቃዲር ጋም ሄጄ ነበር። ከሚዛኑ አጠገብ ያለውን ወረቀት እንዲያወርድ ለመንኩት።

«አንተ ማን ነህና?» አለኝ።

«ሰባቱን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ውሸት ነው።»

ሳቀብኝ። «ፈረንጅ ካተመው በኋላ ውሸት ይሆናል እንዴ? ቅደደው፤ ሌላ አሳትማለሁ።»

አልቀደድኩትም። ጆርናሉ ጽሑፉን ሰርዞ ሲያነሣ የማንሣቱን ደብዳቤ ላሳየው እፈልጋለሁ። ስለዚህ ከጥር 5 በፊት ይጻፉላቸው። ሠላሳ ስምንቱን ቅጽ የሞላው አብዱናስር ነው፣ ሳጂዳ አታውቅም ነበር ብለው ይጻፉ። የእርስዎን ጥፋት እርስዎ ይጻፉ፤ የእኔን አይቀንሱልኝ። ዋና ወረቀቶቹንም ነገ ፎቶ አንሥቼ እልካለሁ፤ ፊትና ጀርባቸውን። እናቴ ደግሞ ጽሑፉ ሲነሣ መስቀሉም አብሮ ይነሣል ብላለች።

ቤቶቹ ሲያልቁ እውነተኛውን እልክልዎታለሁ። ዳግም የሚታተም ከሆነ ከመታተሙ በፊት ለእናቴ ይደውሉላት። እኔ አጠገቧ ሆኜ በአማርኛም በኦሮምኛም አነብላታለሁ፤ የምታጸድቀው እሷ ናት።

ይህን ደብዳቤ ያምኑኝ እንደሆነ አላውቅም። እኔ ብሆን አላምንም ነበር። ስለዚህ ከታች የግራ እጄን አውራ ጣት አትሜበታለሁ። ቀለሙ የሳጂዳ ነው፤ ደርቆ ስለነበር ትንሽ ውኃ ጨመርኩበት። ጠባሳው በደንብ ወጥቷል። ከጎኑ ስሜን ጽፌያለሁ፤ በዚህኛው ወረቀት ላይ ጣቱና ስሙ የአንድ ሰው ናቸው።

አብዱናስር